ለይሉኝታ የተሰጠ ማልያ

እረፍት እንደወጡ ፈረንሳዊው ሙሴ ሉሲየን ሳሩ ላይ ዘፍ ብሎ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። አሰልጣኙ ጥሩነህ በረዶ ይዞለት ሲመጣ አምበሉ አብርሃ መንገድ ላይ አስቆመው።

"ሰውዬውን ቀይር እንጂ። መሃሉ እኮ ኦፕን ነው። ጌታቸው ዋርም አፕ አድርጎ ቁጭ ብሏል።"

"እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን የተጫወቱ ሰው ናቸው።"

"ታዲያ ማልያ ስጣቸው ማን አለህ?"

ጥሩነህ በረዶውን ይዞ አለፈው። የሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ካለቀ ገና ሳምንቱ ነበር። የኦክላንዱ የሐበሻ ቡድን ዛሬ እዚሁ ሳንሆዜ ካሸነፈ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ለዋንጫ ይጫወታል። ሙሴ ሉሲየን በደጉ ዘመኑ ስመ ጥር አማካይ ነበር፤ አሁን ኦክላንድ አጠገብ ኮንኮርድ ከተማ ጎማ ይሸጣል። ጥሩነህ ለታክሲው ጎማ ሊገዛ ሄዶ አገኘውና ልምምድ እንዲያሠራቸው ለመነው። ባለፈው ሳምንት ማልያ ሲታደል ታዲያ ስምንት ቁጥሩን ዘርግቶ "እርስዎም ይጫወቱልን እንጂ" አለው። ለአላፊ አግዳሚው "እንብላ" እንደማለት ነበር። ሐበሻ ቢሆን "ኧረ እናንተ ተጫወቱ" ብሎ ይመልስለት ነበር። ፈረንሳዊው ግን ማልያውን ተቀበለ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ከዚያ ወዲያ ማን አፍ አለው?

በረዶውን ሲያስርለት ሙሴ ሉሲየን ቀና አለ።

"ለሀገሬ የመጨረሻ ጨዋታዬ ላይም ያስቸገረኝ ይኸው ጉልበት ነው" አለው። "አሰልጣኛችን ሳነክስ እያየ አፈረኝ። እኔም አውጣኝ ማለት ሞት መሰለኝ። ከውድድሩ ያስወጣን ግብ በእኔ በኩል ገባ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ዳግመኛ አልተጠራሁም። ያንን ሰውዬ ስንት ዓመት ረገምኩት።"

ጥሩነህ የበረዶውን ማሰሪያ አጠበቀ። "ይውጡ" የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣ፤ የወጣው ግን "አይዞዎት፣ ይሻልዎታል" የሚለው ነበር።

ጨዋታው እንደቀጠለ የሳንሆዜው አጥቂ በሙሴ ሉሲየን ጎን አልፎ ሄዶ አገባ። ሰውዬው ሊከተለው ቢል ጉልበቱ እምቢ አለው፤ አቀርቅሮ ቆመ። ጥሩነህ ቅያሪ የጠየቀው ያኔ ነው። ጌታቸው ገብቶ ቢሯሯጥም አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ጥሩነህን ያንገበገበው ሎስ አንጀለስ መቅረቱ ብቻ አልነበረም። በእረፍቱ አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ሰውዬው በክብር ይወጣ ነበር።

ታክሲው ጋ ሲደርሱ ሙሴ ሉሲየን "ቅዳሜ ልምጣ?" አለው።

"ይምጡልን። ለማሠልጠን ግን ነው። መጫወቱ ይብቃዎት።"

ፈረንሳዊው ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ማልያውን አውልቆ ዘረጋለት።

ጥሩነህ "ኧረ ለማስታወሻ ይያዙት" ሊል ምንም አልቀረውም። ዋጥ አደረገውና ማልያውን ተቀበለ።