የጾም ናፍጣ

ካሴ መኪናውን የሚወድ ሰው ነው። ሌላው ባለ መኪና አይወድም ማለቴ አይደለም፤ ሌላው ግን መኪናውን እያጠበ አያጫውታትም፣ ዳገት ስትጨርስም «እግዜር ይስጥሽ» አይላትም። ካሴ ይላታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከዚያች አሮጌ የጭነት መኪና የተሻለ የሚያዋየው አላገኘም።

ችግሩ የጀመረው አዲሱ ናፍጣ ሲገባ ነው። ድኙ ተቀንሷል፣ ጭሱ ይጠራል፣ ለሳንባም ይሻላል ተብሎ ማደያው ሁሉ ይኸው ወሬ ሆነ። የካሴ መኪና ግን ብዙም ሳትቆይ ከሞተሯ ሥር ናፍጣ ታንጠባጥብ፣ ዳገት ላይም ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። የናፍጣ ፖምፓ ወደምትጠግነው ወደ ሄለን ወሰዳት። ሄለን ባሕር ዳር ተምራ የመጣች፣ ነገር ማስረዳት የምትወድ ልጅ ናት።

«መኪናዎ አልታመመችም፣ ጋሼ ካሴ» አለችው። «ፖምፓዋ ውስጥ ያለው ማሸጊያ ጎሚኒ ነው ያረጀው። የድሮውን ናፍጣ ጠጥቶ ያበጠ ጎማ፣ አዲሱ ሲመጣበት ተኮማተረ፤ በክፍተቱ ያንጠባጥባል። ድኙ ሲወጣ ደግሞ ናፍጣው ልስላሴው ይቀንሳል፤ ለእሱ ግን ከፋብሪካው ማለስለሻ ስለሚጨመርበት አያሳስብዎት። ጥቂት ቀን ይተዉልኝና ጎሚኒውን ልቀይርልዎ።»

ካሴ ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ልቡ ውስጥ የገባው አንዱ ብቻ ነበር፤ ልስላሴው ይቀንሳል።

«ቅባቱን ነዋ ያወጡት!» አለ።

«ቅባቱን አይደለም፣ ድኙን...»

«ገባኝ፣ ገባኝ። የጾም ናፍጣ ነው የሰጡን። ይቺ አሮጊት እንግዲህ በጾም ናፍጣ ዳገት ልትወጣ ነው?»

ሄለን ትታው ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች።

ካሴ መኪናዋን ለጥቂት ቀን ቀርቶ ለአንድ ቀን ማቆም አይችልም ነበር። ምክንያቱ ስሜነሽ ናት። ስሜነሽ የይጁቤ ከተማ እህል ነጋዴ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ አንደበቷ የማይታጠፍ፣ ጤፏን በየገበያው ወደ ማርቆስ የምታስጭን። ካሴ ጤፏን የሚጭነው ለኪራዩ ብቻ እንዳልሆነ ይጁቤ በሙሉ ያውቃል፤ እሱ ግን የደበቀ ይመስለዋል። ባለፈው ገበያ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማባቸው ፀሐይ ሲመታቸው ከዋለ በኋላ ስሜነሽ ቁርጡን ነግራዋለች።

«አንድ ጊዜ ደግማ ከቆመች ጭነቱን ለአማረ ነው የምሰጠው።»

አማረ አዲስ መኪና አለው። ሚስት ደግሞ የለውም። ጤፉ ወደ አማረ ከሄደ ካሴ ይጁቤ የሚወርድበት ሰበብ ያጣል፤ ባዶ እጁን ሄዶ «አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት» የሚልበትን ወኔ ከየት አባቱ ያመጣል?

እናም በገበያው ቀን ማለዳ ዓይኑ ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው ቅል ላይ አረፈ። ስሜነሽ በቅበላ ሰሞን የላከችለት ንጥር ቅቤ ነው፤ ቅሉ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። «ለፋሲካ አስቀምጠው» ብላዋለች። ካሴ ቅሉን አየ፣ መኪናዋን አየ። እሱ የጾመው ይበቃል፤ እሷ ምን በወጣት? ቅቤውን ከሰል ላይ አቅልጦ፣ በነጠላው ጫፍ አጥልሎ፣ ከአዲሱ ናፍጣ ጋር ለመኪናዋ አጠጣት።

ደግሞስ መኪናዋ ደስ አላት! ይጁቤ ወርዳ፣ ጤፉን ጭና፣ ስሜነሽን ጋቢና አስቀምጣ ስትመለስ ድምፅዋ እንዲያ ለስልሶ አያውቅም። ካሴ ማፏጨት ጀመረ። ስሜነሽ ግን አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች።

«ካሴ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«አዲሱ ናፍጣ ነው።»

«ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል እኮ!»

«ፈረንጅ ምን የማይጨምረው ነገር አለ ብለሽ ነው» አለና ማፏጨቱን ቀጠለ።

ማርቆስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ መንገድ ዳር ካለችው ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሕዝቡ ግር ብሎ መንገዱን ሞላው። ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ የሁዳዴ ቅዳሴ ገና መውጣቱ ነው። ከማታ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሕዝብ ነው። ካሴ ሕዝቡ እስኪያልፍ ቆመ። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ቀኑን ሙሉ አልተወም ነበር፤ መኪናዋ እዚያው እንደቆመች ተንተባተበች፣ ሳለች፣ ጥቁር ጭሷን በምእመናኑ ላይ ለቀቀችና ጸጥ አለች።

ጭሱ የዶሮ ወጥ ይሸታል። አንዲት ባልቴት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ጥቂት ቆይተው ግን ገለጥ አደረጉት። ሰዉ ምራቁን እየዋጠ መኪናዋን ከበበ። ቄስ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን እንደያዙ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡ።

«በሁዳዴ ቅቤ የሚያቁላላ ማነው?»

ጋቢና ውስጥ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሰዉም ዓይን ስሜነሽ ላይ ማረፍ ጀመረ። ካሴ ይህን አየ። መኪናውን ቅቤ አጠጣ ከሚባል ቅቤ በላ ቢባል ይሻለዋል። ጾም የሻረ ንስሐ ገብቶ ይታረቃል፤ ስሙ የጠፋን ሾፌር ግን ማን ያስታርቀዋል?

«እኔ ነኝ፣ አባ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በልቼ ነው።»

«አንተ በልተህ ጭስ ማውጫው ለምን ይሸታል?»

 ስሜነሽ የካሴን ስልክ ነጥቃ ለሄለን ደወለች። ሄለን በባጃጅ ደርሳ የናፍጣውን ማጣሪያ ፈታች። ውስጡ ቢጫ ሆኖ ረግቷል። በጣቷ ዛቅ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ካሴን አየችው።

«ጋሼ ካሴ፣ ቅቤ ሲቀዘቅዝ ምን ይሆናል?»

«ይረጋል» አለ ካሴ ቀስ ብሎ።

ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባልቴቷ ሳይቀሩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ቄሱም ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ካሴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያልሳቀችው ስሜነሽ ብቻ ናት። ከጋቢናው ወርዳ ከሄለን ጣት ላይ ትንሽ ነካ አድርጋ አሸተተች።

«የኔ ቅቤ ነው» አለች። «ለፋሲካ አስቀምጠው ብዬህ ነበር።»

«እንዳትቆም ብዬ ነው» አለ ካሴ። ከዚያ በኋላ አፉ በራሱ ሄደ፤ ሰው መኖሩንም ረሳ። «ከቆመች ጭነቱን ለአማረ ትሰጪያለሽ። ጭነቱ ከሄደ እኔ አንቺን በምን አገኝሻለሁ? ጤፉስ ምን ያደርግልኛል፣ ስሜነሽ? ይጁቤ የምመላለሰው ላንቺ ብዬ ነው።»

 «እናንተዬ!» አሉ ባልቴቷ።

ስሜነሽ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«አንተ ሰው» አለች፣ «ብቻውን ለሚኖር ወንድ ቅል ሙሉ ቅቤ የሚልክ የት አየህ? ከዛሬ ነገ ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስጠብቅ ጾሙ ተጋመሰ እኮ! ለፋሲካ ቤትህ ገብቼ ዶሮውን የምሠራበትን ነው የላክሁልህ።»

ካሴ ስሜነሽን ብቻ ያያል። ሄለን እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«ጋሼ ካሴ፣ ታዲያ አሁን ወዴት እናስጎትታት?»

«ማንን?» አለ ካሴ።