የይቅርታው ድንጋይ

ስርጉት ከቢቸና ሞጣ፣ እኔ ቤት ከመጣች ጀምሮ ጫማዋን አታወልቅም፤ አልጋ ላይ ሳይቀር አድርጋው ትተኛለች። የእህቴ የብሩክታይት ልጅ ናት፣ ገና ሰባት ዓመቷ። አባቷ ምንይሉ እናቷን ሲደበድብ እያየች ነው ያደገችው። እናትና ልጅ ሸሽተው የወጡ ዕለት ጫማ ለማድረግ ጊዜ አላገኘችም ነበር።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። በር ስዘጋ ጎረቤት ይሰማል። የድስት ክዳን ከእጄ ካመለጠ ስርጉት ብድግ ብላ እናቷ ጎን ትቆማለች። «ክዳን እኮ ነው! ምን ያስደነግጥሻል?» ስላት ይብስባታል። ተቀምጬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ። ገበያ ላይ ጨርቅ የምትነግደው ጎረቤቴ ዓሊማ አንድ ቀን እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ።

«አንቺ ይርጋነሽ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል አልሰማሽም? ፍርሃት በቁጣ ይለቃል እንዴ? ስትገቢ ስምሽን ተናገሪ። ዕቃ ልታነሺ ስትይም አስቀድመሽ ንገሪያት።»

የጅል ሥራ መሰለኝ። በገዛ ቤቴ በር ቆሞ «እኔ ነኝ፣ ይርጋነሽ ነኝ» ማለት! ግን አልኩ። ዓሊማም ከአጥሩ ጀምራ ስሟን እየጠራች መግባት ጀመረች። «አሁን ክዳኑ ሊጮህ ነው» ስላት ስርጉት ጆሮዋን ትይዛለች። እያደር ጆሮዋን መያዙን ትታ ክዳኑን ራሷ ታጮኸው ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት ጫማዋን ከአልጋው ሥር አየሁት። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚያው ሰሞን፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ነበሩ የመሯቸው፤ ብሩክታይትን የዳሩት እሳቸው ናቸው፣ ክፉ ሰውም አይደሉም። ተቀመጡ ብንላቸው እሺ ካልተባልን አንቀመጥም አሉ።

«እንኳን ባልና ሚስት፣ እግርና እግርም ይጋጫል» አሉ መሪጌታ። «ልጄ፣ ሰውዬው ተጸጽቷል። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅሽ ደጅ ቆሟል። ግባ አንተ!»

ደሜ ፈላ። ብሩክታይት ግን አንገቷን ደፋች፤ ሽማግሌ እምቢ ብላ አታውቅም። እሺ ልትል ነው። እሺ ካለች ስርጉትም ወደዚያ ቤት ትመለሳለች።

ምንይሉ ስሙን ሳይናገር ገባ። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል። ለእኛ ለአዋቂዎቹ ይህ መዋረድ ነው፣ ይቅርታ ነው። ስርጉት ያየችው አባቷንና ድንጋይ የያዘ እጁን ነው። አልጮኸችም። ሮጣ እናቷ ጉልበት ላይ ወጣችና በሁለት መዳፏ የእናቷን ራስ ሸፈነች።

«አባዬ፣ እማዬ ምንም አላደረገችም» አለች። «ጫማዬን ላድርግና እንሄድልሃለን።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ምንይሉን በክንዱ ይዘው አወጡት፤ ድንጋዩን ደጅ ሲያወርዱ ሰማን። ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። ምንይሉ ውጭ ያለቅሳል። አላዘንኩለትም።

ብሩክታይት የልጇን እጆች ከራሷ ላይ ሳታነሳ ተናገረች። «መሪጌታ፣ ሽማግሌ አሳፍሬ አላውቅም። ዛሬ ግን አሳፍርዎታለሁ። አልመለስም።»

«ልጅቱስ ብለን አልጠየቅንም» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «አንቺንም አላስገድድሽም።» ሳይቀመጡ ሄዱ።

ስርጉት ጫማዋን አድርጋ በሩ ፊት ተቀመጠች። «ተመልሶ ይመጣል?» አለች።

«እስኪ ይሞክራትና!» ልል አፌን ስከፍት ብሩክታይት ቀደመችኝ።

«ሊመጣ ይችላል። እኔ ግን በሩን አልከፍትለትም።»

ልጅቷ ደጁን ታያለች። ድንጋዩ እዚያው ነው። ሽቅብ ወርውሬ ብሰብረው ደስ ባለኝ!

«ስርጉት፣ ይርጋነሽ ነኝ» አልኳት፣ አጠገቧ ቆሜ። «አሁን ድንጋዩን ላነሳ ነው። ከአጥሩ ውጭ ወስጄ ቀስ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።»

እንዳልኩት አደረግሁ። ስመለስ አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ስለ ሌላው አልጠየቅኋትም።