ሳይወርዱ ማለፍ

ግራዝማች ይርጋ በዚህ ዓለም ላይ የቀራቸው ሀብት አንድ ነበር፤ በመንገድ ያገኛቸው ሰው ከበቅሎው መውረዱ። መሬቱ በልጆችና በሙግት አልቋል፣ ካባው በብል ተበልቷል፣ ጎራዴውም ከሰገባው ከወጣ ዘመን አልፎታል። ግራዝማችነቱ ግን እንዳለ ነው። ግራዝማችነት ደግሞ ጓዳ ተቀምጠው የሚበሉት ነገር አይደለም፤ መኖሩ የሚታወቀው ሰው ወርዶ፣ አደግድጎ፣ እጅ ሲነሳ ነው።

ችግሩ መንገዱ ነበር። ከአርብ ገበያ አፋፍ ተነስቶ በሾላዎቹ ሥር እየተጠማዘዘ ወንዙ ዳር የሚደርሰው፣ ከዚያም ወንዙን ተከትሎ ደልዳላውን ይዞ ወደ ስማዳ የሚያልፈው መንገድ ሰው አይበዛበትም። አርብ አርብ ገበያተኛው ከነአህያው ይግተለተልበታል፤ ግን እግረኛ ከምኑ ላይ ይወርዳል? ጎንበስ ይላል እንጂ። ጎንበስ ማለት ደግሞ ለቄስም፣ ለአማትም፣ ወገብ ሲያምም ያለ ነው፤ ግራዝማች አይቆጥሩትም። በሸለቆው በቅሎ ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው፦ እሳቸው፣ የደብሩ አለቃ፣ የአጥቢያው ዳኛ ላቀውና ፊታውራሪ አለበል። አለቃው የካህን ነገር ሆኖ አይወርዱም። ዳኛው ይወርዳሉ፣ ግን ሪህ ስላለባቸው ወርደው እስኪጨርሱ የሰላምታው ጣዕም ይጠፋል። ፊታውራሪ አለበል ሲመጡ ደግሞ የሚወርዱት ራሳቸው ግራዝማች ናቸው።

ይህችን በሃያ ዓመት ሊውጧት አልቻሉም። አለበልን ከልጅነቱ ያውቁታል። ከአንድ የኔታ ዘንድ አብረው ፊደል ቆጥረዋል፤ አለበል መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው የቀረው። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቶ፣ ፊታውራሪ ተብሎ መጣ። ምን ሠርቶ እንደተሾመ የጠየቀም የተናገረም የለም። ግራዝማች በአፋቸው "ፊታውራሪ፣ እንዴት ሰነበቱ" ይሉታል፤ በልባቸው ግን "አንተ" ነው።

በአምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ጎንደር የተማረ ተሻገር የሚባል ወጣት ድሬሰር አርብ ገበያ ተመድቦ መጣ። መድኃኒቱን በአንድ ሳጥን፣ ብስክሌቱን መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በሁለት ሰው ትከሻ ይዞ ገባ። ሰው ብስክሌቷን ለማየት ያልታመመውን ታመምኩ ብሎ መጣ። ሰውን ያላማረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሑድ እሑድ ተሻገር ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ወንዝ ለወንዝ ሲሄድ "ወዴት ነው?" ሲሉት "የትም፤ ዝም ብዬ ነው" ይላል። ሰው የሚሄደው ወይ ለለቅሶ፣ ወይ ለገበያ፣ ወይ ለክስ ነው። ዝም ብሎ የሚሄድ ወንዝ ብቻ ነው።

"እንዲህ ያለ መንገድ የት ይገኛል?" ይላል ለሰማው ሁሉ። "መኪና የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ ግፊያ የለ። ወፍ ብቻ።"

የመኪና መንገድ ስጡን እያለ በየዓመቱ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ያገሩ ሰው ይህን ሲሰማ ልጁ መርፌ መውጋት እንጂ ወግ አለመማሩ ገባው።

ግራዝማች ግን ደስ አላቸው። ነገሩን አስበውበታል። ብስክሌት ላይ ይቀመጡበታል? ይቀመጡበታል። የተቀመጠ ሰው ይወርዳል? ይወርዳል። ስለዚህ ሸለቆው አንድ የሚወርድ ሰው አገኘ ማለት ነው። ተሻገርም ጨዋ ልጅ ነው፤ ደልዳላው ላይ አራት ጊዜ ተገናኝተው አራቴም ዱብ ብሎ ወርዶ እጅ ነስቷቸዋል። ግራዝማች ከቅዳሴ መልስ በቅሎዋን ማስጫን አበዙ። ሚስታቸው ደጊቱ "ወዴት ነው?" ስትላቸው "ዝም ብዬ ነው" ማለት ጀመሩ።

በአምስተኛው እሑድ የተገናኙት ግን ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ተሻገር ከላይ መጣ፤ የብስክሌቱ ፍሬን ተበልቶ አልቆ ኖሯል። "ይቅርታ" ያለው ቃል እንኳ በሙሉ አልደረሳቸውም፤ "ይቅር" የሚለውን ከኋላቸው፣ "ታ" የሚለውን ከፊታቸው ሰሙት። በቅሎዋ በርግጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ይህን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ቆሞ አየ።

በማግስቱ ከሰሱ። "ክብሬን ደፍሮ ሳይወርድ አልፎኛል" ነው ክሱ። የጠየቁትም ተሻገር በገበያ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ፣ አገር እያየ፣ ከእግራቸው ወድቆ ይቅርታ እንዲላቸው ነው። "ይህ ካልሆነ ነገ ማንም አይወርድልኝም" አሏት ለደጊቱ። "ያን ጊዜ እኔ የሞትኩ ነኝ፤ አልተቀበርኩም እንጂ።"

ዳኛ ላቀው ቦታውን በዓይኔ ልይ ብለው ሐሙስ ረፋድ ችሎቱን ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ሾላው ሥር አደረጉት። ሰው ከአዝመራው ተነስቶ መጣ።

"ጌታዬ፣ መውረድ ጠልቼ አይደለም" አለ ተሻገር። "ፍሬኑ አልይዝ ብሎኝ ነው። ቁልቁለት ላይ አይቆምም።"

"ልጓም የለውም?" አሉ ዳኛው።

"የሚዞርበት አለው፤ የሚቆምበት ነው ያለቀው።"

"ሐሰት ነው" አሉ ግራዝማች። "በንጉሥ አምላክ፣ ጋላቢው ከፈለገ የማይቆም ነገር የለም። እኔ በዕድሜዬ ያላቆምኩት በቅሎ አለ? አምጣት ወዲህ።"

"ይተዉ ግራዝማች፣ ይሰበራሉ" አለ ተሻገር። ይህን በሰው ፊት ባይላቸው ኖሮ ምናልባት ይተዉት ነበር።

ካባቸውን ሰበሰቡ፣ ተቀመጡ፣ ጎራዴያቸውን አስተካከሉ፣ እግራቸውን ከመሬት አነሱ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የወሰነው ቁልቁለቱ ነው። መጀመሪያ እንደ ጌታ "ቁም" አሉት። ቀጥለው እንደ ወዳጅ "ቀስ በል" አሉት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ አርባዕቱ እንስሳን እየተጣሩ ነበር። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላቸው። ነፋሱ ፊታቸውን ይዳብሳል፣ ካባቸው ከኋላ ይርገበገባል፣ ወንዙ ከታች ያብለጨልጫል፣ አንድም ድምፅ የለም። ልጁ ለምን ዝም ብሎ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባቸው።

መንገዱ ግን ባዶ አልነበረም። ፊታውራሪ አለበል ከስማዳ ሲመለሱ፣ ሁለት አሽከር አስከትለው፣ በበቅሎ ዳገቱን ጀምረውታል። ካባና ጎራዴ ያለው ነገር ያለ ኮቴ ሲወርድባቸው አይተው ምን እንደሆነ ገና ሲያስቡ በቅሏቸው ቀድማ አስባ ጨረሰች። ፊታውራሪ በአንገቷ በኩል አልፈው መንገዱ ዳር ካለ ምንጭ ጭቃ ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ግራዝማች ይህንን አዩ። በዕድሜያቸው እንዲህ አጥርተው ያዩት ነገር የለም። ከዚያ ወንዙ ውስጥ ገቡ።

ተሻገር ሮጦ ደርሶ አወጣቸው። የወለቀ ትከሻቸውን መለሰላቸው፣ በነጠላው አሰረላቸው፣ ደግፎም ዳገቱን አወጣቸው። ሾላው ሥር ሲደርሱ ፊታውራሪ አለበል ቀድመው ደርሰው፣ የክሱን ነገር ከሰው ሰምተው ቆመዋል፤ ከጭቃው መሃል የሚታዩት ዓይኖቻቸው ብቻ ናቸው።

"ዳኛ፣ አቤት" አሉ ፊታውራሪ። "ይርጋ ሳይወርድልኝ አልፏል። እሱም በገበያ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ ከእግሬ ይውደቅ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ ግራዝማችን አየ።

"ምን ይመልሳሉ?" አሉ ዳኛው።

ግራዝማች አሰቡ። ብስክሌት ይቆማል ካሉ ልጁ ድንጋይ ይሸከምላቸዋል፤ በዚያው አፍ እሳቸውም ለአለበል ይሸከማሉ። አይቆምም ካሉ ልጁም እሳቸውም ነፃ ይወጣሉ፤ ግን ከእንግዲህ ብስክሌት የያዘ ሁሉ ሽው ብሎ ያልፋቸዋል፣ ነገ ደግሞ በቅሎ የያዘውም ያንኑ ይማራል። የቀረቻቸው አንዲት ሀብት በገዛ አፋቸው ልትሄድ ነው። ከዚያ ቀና ብለው ጭቃ የለበሰውን አለበልን አዩት፣ ግንባሩ ላይ የተለጠፈችውን ቅጠል ሳይቀር።

"አይቆምም" አሉ። "በንጉሥ አምላክ፣ ቁልቁለት ላይ አይቆምም። ለምኜው ነበር። ድሬሰሩ ጥፋት የለበትም፤ ክሴን ትቻለሁ።"

ዳኛ ላቀው ሁለቱንም ክስ ባንድ ቃል ዘጉ፦ ብስክሌት በቁልቁለት ለማንም አይወርድም፣ ደጃዝማች ቢመጣም። ፊታውራሪ ይግባኝ እላለሁ ብለው ሄዱ፤ በእግራቸው፣ በቅሎዋ ገና አልተገኘችምና።

ከሰዓት በኋላ ደጊቱ የግራዝማችን ትከሻ ቅቤ እየቀባች "ክሱስ?" አለች።

"ተረታሁ።"

"ከእንግዲህ ታዲያ ማን ሊወርድልዎ ነው?"

"ማንም።"

ደጊቱ ቅቤውን አስቀመጠች። ግራዝማች ሙግት የተረቱ ቀን እህል አይቀምሱም፣ ሰው አያናግሩም፤ ዛሬ ግን ትከሻቸው እያመማቸው ይስቃሉ።

"ምን ያስቅዎታል?"

"አለበል ወረደልኝ።"

"ፊታውራሪ? በፈቃዳቸው?"

"በግንባሩ" አሉ ግራዝማች። "ወርዶም አልቀረ፤ መሬት ስሞ ነው እጅ የነሳኝ።"