የአንበሳው ማጅራት

ጸጉር አስተካካይዋ ከመሳቋ በፊት ቶንዶሱን ታጠፋለች፤ አለዚያ የደንበኛ ጆሮ አብሮ ይሄዳል። ሳቋ እንደዚያ ነው፣ ትከሻዋን ይዞ የሚነሳ። ታናሽ እህቷ ቀርጻ በጸጉር ቤቱ ገጽ ላይ ስትለጥፈው ሰው ወደደው። በራሱ ፎቶ ፈንታ ጎፈራም አንበሳ የለጠፈ፣ «አንበሳው» የተባለ አንድ ጀግና ግን ከሥሩ እንዲህ ጻፈ፦

«ይቺ ስትስቅ አልነሳ ያለ ጀነሬተር ትመስላለች። ባሏም የሸሸው ነዳጅ ቢወደድበት ነው።»

ባሏ አልሸሸም፤ ሞቶ ነው።

ከዚያማ ጣት ያለው ሁሉ ተረባረበባት። ሳቋን ከአህያ ጩኸት ጋር አጣብቀው በተኑት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «እስኪ አንዴ አስነሺው» የሚላት ደንበኛም አልጠፋ። እሷም አፏን በክንዷ መሸፈን ለመደች፤ ቀስ በቀስም መሳቁን ተወችው።

«እታለም፣ ገጹን እንዝጋው» አለች እህቷ።

«ገጹንስ ዘጋን እንበል። አፌንስ ልስፋው?»

አንበሳው ግን ጥጋብ አሳሳተው። እዚያው ጸጉር ቤት ሊቆረጥ ተቀምጦ፣ የግድግዳውን መስታወት በስልኩ በስርቆት ፎቶ አንስቶ «ጀነሬተሯ ዛሬ ጠፍታለች» ብሎ ለጠፈ። የገዛ ፊቱን በአንበሳ ምስል ሸፍኗል። የረሳው፣ ማጅራቱን እንዲያይ እሷ ከኋላው የያዘችለትን ትንሿን መስታወት ነው። እዚያች ውስጥ ማጅራቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጠባሳውም ጭምር። ምላጭ እንዳይነካው ለዓመታት ስትጠነቀቅለት የኖረችው ጠባሳ!

«ጨዋው!» ብላ ጮኸች እህቷ። ሰፈሩ ለዚህ ደንበኛቸው ያወጣለት ስም ነው፤ እጅ ሳይነሳ በር አያልፍም። «አሁኑኑ እናዋርደው!»

«ጸጉሩ ይደግ። በእግሩ ይመጣል።»

መጣም። ቤቱ ሞልቷል። «እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ» እያለ ተሽቆጥቁጦ ተቀመጠ። የቀኙን ጎን ቆረጠችለትና ቶንዶሱን አጠፋች። «አንበሳው» የጻፈውን ከፍታ ስልኳን ፊቱ ላይ ደቀነችው።

«ይሄን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»

«እህቴ፣ እኔ ምን አገባኝ…»

ትንሿን መስታወት ከኋላው አነሳች፤ ስልኳ ላይም እሱ የለጠፈውን ፎቶ አወጣች። ማጅራቱ ከነጠባሳው፣ ፎቶውም ከነጠባሳው። ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ግማሹ ብቻ የተቆረጠ ራሱን በመስታወት አየ።

«ጌታው፣ በግማሽ ጎፈር ወዴት?» አሉ ተራ የሚጠብቁ ሽማግሌ።

ተመልሶ ተቀመጠ። ማንበብ ጀመረ፤ «ባሏም» ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጨርስ» አለችው። አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ።

«…የሸሸው…»

«ሞቶ ነው። የተቀመጥክበትን ወንበር የገዛው እሱ ነው።»



«ስልክ ላይ ሲሆን» አለ ጨዋው፣ «ከወዲያ ሰው ያለ አይመስልም።»

«አለሁ።»

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ…»

«አታጠፋውም። ከሥሩ በስምህ፣ በራስህ ፎቶ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ግራህን የምነካው ከዚያ በኋላ ነው።»

ስልኩን አውጥቶ ጻፈ። እህቷ አነበበችው፤ «አስተካክለው፣ ‹ቅር ካላችሁ› የሚለው ይውጣ» አለች። አወጣው።

አስተካካይዋ የግራውን ጎን እንደ ቀኙ አድርጋ ቆረጠች፤ ጠባሳውንም እንደ ወትሮዋ ተጠንቅቃ ዞረችው። ትንሿን መስታወት አነሳች። «እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው፣ እህቴ» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

«አንበሳው እንዲህ ነው የሚያገሳው?» አሉ ሽማግሌው።

ትከሻዋ ተነሳ። ክንዷ ወደ አፏ መንገድ ጀመረ፤ ከግማሽ መለሰችው።

«ቅረጪ» አለቻት እህቷን።