የአቶ ፋሲል ደወል

ባሕር ማዶ፣ ዳብሊን ከተማ ዳርቻ ያለውን ነጭ የእንጨት ትምህርት ቤት አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ አቶ ፋሲልን የሚቀድም አይገኝም። መቶ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ይህ ባለ አንድ ክፍል ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። እሳቸው አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠግነውታል፣ ወልውለውታል፣ ምስጥ ሲደፍረውም ከምስጥ ጋር ተጣልተውለታል። አዲስ አበባ አናጢ ነበሩ፤ እዚህም መዶሻቸውን አላስቀመጡም።

ቤቱ ታድሶ ሊመረቅ አንድ ወር ሲቀረው የቦርዱ ሊቀመንበር ሚስስ ሃርመን መጥታ፣ «በምረቃው ቀን የቤቱን ታሪክ ነግረውን ደወሉን ቢደውሉልንስ?» አለቻቸው። ደወሉ ስልሳ ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ እሳቸው ዝገቱን አራግፈው መልሰው የሰቀሉት ነው። ልባቸው በደስታ ዘለለ። አፋቸው ግን እንዳደገበት፣ «አይ፣ እኔ ምን አውቄ! የተሻለ ሰው ፈልጉ» አለ።

በእኛ ወግ ይህ እምቢታ አይደለም፤ «ኧረ በሞቴ!» እስኪባል መግደርደር ነው። ሚስስ ሃርመን ግን በሞቴ የሚባል ነገር አታውቅም። «ኦኬ፣ ፍላጎትዎን አከብራለሁ» ብላ ሄደች።

ዳግመኛ ትለምነኛለች ብለው አንድ ሳምንት ጠበቁ፤ ሁለት ሳምንት ጠበቁ። በሦስተኛው የተናጋሪው ስም በሩ ላይ ተለጠፈ፤ አንድ የቤት ሽያጭ ኤጀንት።

«በዝምታ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?» ብለው ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነቡ ተቆጡ። «ኮል አድርግላትና ሐሳቤን ቼንጅ አድርጌያለሁ በላት!»

ልጃቸው ወንጌላዊትም፣ «ዳዲ፣ ሂር ዘይ አስክ ዋንስ፤ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁት» አለች።

አቶ ፋሲል ስልኩን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ለምኖ መከበር አልሆንላቸው አለ።

በምረቃው ቀን ኤጀንቱ ከወረቀት አነበበ፤ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት፣ የአሠሪውን ስም፣ የቀለሙን ዓይነት። ሲጨርስ አንዲት ትንሽ ልጅ ተነሥታ፣ «ወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ኤጀንቱ ወረቀቱን ገለበጠ። ጀርባው ባዶ ነበር።

የሚስስ ሃርመን ዓይን አቶ ፋሲል ላይ ዐረፈ። «ሚስተር ፋሲል፣ ምናልባት እርስዎ...»

ያ ክፉ «አይ» ምላሳቸው ጫፍ ደረሰ። ከኋላ «ዳዲ!» የሚል ድምፅ ሰሙ።

«አውቃለሁ!» አሉ ጥያቄው ሳያልቅ።

ተንበርክከው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየነኩ በእንግሊዝኛቸው አስረዱ። «ዴስኮቹ እዚህ በብሎን ታስረው ነበር። የትንንሾቹ እንዳይበርዳቸው ምድጃው አጠገብ ነው። ከእነሱ መሀል ግን አንድ የትልቅ ዴስክ ቀዳዳ አለ። የማን እንደሆነ ከመምህሯ መዝገብ አገኘሁት። ማኑዌል ይባላል፤ ከፖርቱጋል በአሥራ አራት ዓመቱ ሲመጣ እንግሊዝኛ አያውቅም። እየተማረ ሲሄድ ዴስኩም ወደ ኋላ ሄደ። ይኸው፣ ከዚህ ወደዚህ፤ መጨረሻው እዚያ፣ ከትልልቆቹ ጋር። ሦስት ዓመት ፈጀበት። እኔ ግን ሃያ ዓመት ፈጅቶብኝም ገና ምድጃው አጠገብ ነኝ።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያም አጨበጨበ። አቶ ፋሲል ጉልበታቸውን አራግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ። እንዲህ ኮርተው አያውቁም።

ሚስስ ሃርመን ወደ ገመዱ እያመለከተች፣ «ደወሉንስ ቢ...» አለች።

አልጨረሰችም። ገመዱን ስበውት ነበር።

«ደጃዝማች!» ብለው ወይዘሮ ዘነቡ ከደወሉ በላይ ጮኹ።