ትርጉም የሌለው ድምፅ

ዚፕን ዚፕ ያሏት ዝም ስለምትል አይደለም። ኧረ እንዲያውም! አባቷ «ላንቺ አፍ ዚፕ የሚገጥምለት ባለሙያ ጠፋ» እያለ ነው ያሳደጋት። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። የተበላሸ ዚፕ ትጠግናለች፤ የሻንጣ፣ የጃኬት፣ የቦት ጫማ፣ አንድ ጊዜማ የድንኳን። ስትጠግን ስልኳን ጣሳ ላይ አስደግፋ ራሷን ትቀርጻለች። እየሠራች ታወራለች፣ ከዚፑ ጋር ትጣላለች፣ መልሳ ትለማመጠዋለች፤ «ና እንጂ የኔ ጌታ፣ ጥርስህን ግጠም» ትለዋለች። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ግን ታየ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዚፕ ያለው ልብስ የሌለው ሰው እንኳ ተከታይዋ ሆነ።

ውድድሩ ላይ የተጠራችውም በዚሁ ነው። አርባ ቪዲዮ ሠሪዎች አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ይገባሉ፤ በየዙሩ እየተቀነሱ ሄደው መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ይቀራል። መጋዘን ይባል እንጂ ገንዘብ እንደ ውሃ የፈሰሰበት ቤት ነበር። በፕላስቲክ ኳስ የተሞላ ገንዳ አለ፣ ክሬን አለ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ደረጃ አለ፣ ካሜራውማ ስፍር ቁጥር የለውም። የመጀመሪያው ቀን ዚፕ ዙሪያውን አየችና «ይሄን ሁሉ የሚጠርገው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ያቺ ጥያቄ ለብቻዋ ተቆርጣ ከሁሉም ተወዳዳሪ ቪዲዮ በላይ ታየች።

ሽልማቱ አሸናፊው በመረጠው ቦታ፣ ዕቃው ተሟልቶ የሚሰጠው የሥራ ቤት ነው። ሌሎቹ ስቱዲዮ ይሉታል። ዚፕ ግን ሱቅ ነው የምትለው፤ ቦታውንም ከመረጠች ቆይታለች። የአባቷ ልብስ ስፌት ቤት የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ተዘግቷል። ሁለቱ የስፌት መኪናዎች አንሶላ ለብሰው፣ እንደ እንግዳ ሳሎን ጥግ ተቀምጠዋል። ሱቁ እስካሁን ተከራይ አላገኘም፤ ታፔላውም አልተነሳም። አባቷ በየማለዳው ከቤት ይወጣል። የት ነበርክ ሲሉት «እግሬን ላፍታታ ብዬ» ይላል። መሐረቡ ግን ሁልጊዜ በአቧራ ጠቁሮ ነው የሚመለሰው። መሐረቡን የምታጥበው ዚፕ ስለሆነች እግሩን ሲያፍታታ ምን ሲወለውል እንደሚያረፍድ ታውቃለች።

ወደ ውድድሩ የሄደች ዕለት «ጥቁሯን የስፌት መኪና ዘይት እያጠጣሁ እጠብቅሻለሁ» ብሎ ሸኛት።

በየዙሩ ሰው ሲረግፍ ዚፕ አልወጣችም። ከበር እጀታ ላይ እጅ ሳያነሱ መቆም በተባለው ዙር፣ ወጣቶቹ አንድ በአንድ እግራቸው ሲዝል እሷ ለእጀታው የሰፈሯን ወሬ እያወራችለት ቆመች። ከተቆለፉ ሻንጣዎች መሃል የተደበቀች ቀይ ካርድ መፈለግ የተባለ ዕለትማ ተዉት! ሌሎቹ ከቁልፍ ጋር ሲታገሉ እሷ በእስክሪብቶ ጫፍ ዚፑን እየፈለቀቀች፣ መልሳ እየዘጋች፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰች። «ደግሞ እንዳታስገድዱት፤ ዚፕ ልምምጥ ነው የሚወደው» ብላ አዘጋጆቹንም መከረቻቸው።

በዚህ ዓይነት ሦስት ሰው ቀረ። አንዱ ብረት በማንሳት የታወቀው ጡንቻ ነው፤ ክንዱ ግንድ፣ ልቡ ቅቤ የሆነ ልጅ። ሌላው ሰው እያስደነገጠ የሚስቀው ሳቄ ነው። ሦስተኛዋ ዚፕ ናት። የቀደመውን ዙር ያሸነፈችው እሷ ስለነበረች፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሰናበት የመወሰኑ መብት የእሷ ሆነ።

አዘጋጁ ደንቡን አነበበላት። «ደወል ይደወላል። እኔ ‹ማንን እናስወጣ?› ብዬ እጠይቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ከአፍሽ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል መልስሽ ነው። መመለስ የለም፣ ማረም የለም።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ በለኛ!» አለችው ዚፕ።

ከቀረጻው በፊት ቤት እንድትደውል ፈቀዱላት። አባቷ ደንቡን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«አንድ ቃል ብቻ? ወይ ጉድ! አንቺ በአንድ ቃል የጨረስሽው ነገር ኖሮ ያውቃል?»

«አባባ!»

«እሺ፣ እሺ። ያቺን አንድ ቃል በይና አፍሽን ዝጊ። በቀጥታ ስርጭት አይሻለሁ።»

ቃሉን መርጣለች። ሁለተኛው ቀን ላይ ሳቄ ጫማዋ ውስጥ የፕላስቲክ እንሽላሊት ከቶባት፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች መጋዘኑን ስትዞር አገር ምድሩ አይቷታል። ቂም አይደለም፤ ግን ደግሞ ቂም ነው። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆማ «ሳቄን። ሳቄን። ሳቄን» እያለች ተለማመደች።

ሦስቱም በቀይ ክቦች ላይ ቆሙ። አንዱ መብራት ብልጭ ድርግም ስላለ የመብራት ሠራተኛው መሰላል ላይ ወጥቶ እያጠበቀው ነበር። ጸጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ሳምንቱን ሙሉ ድምፁን ሰምተውት የማያውቁ ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ሰውየው እስኪወርድ መታገስ አልቻለም፤ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ደወሉ ተደወለ።

«ማንን እናስወጣ?» አለ አዘጋጁ።

ዚፕ አፏን ከፈተች። «ሳ» ልትል ምላሷን እያዘጋጀች ሳለ መሰላሉ ተንሸራተተ። ሰውየው አየር ላይ አንድ ጊዜ ቀዘፈና ከኳሱ ገንዳ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ መሬት ወደቀ።

«እኔን!» አለች ዚፕ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ጥላ።

ማለቷ ለራሷም አልታወቃትም። ክቡን ለቃ ሮጣ ሰውየው አጠገብ ተንበርክካለች። «ጋሼ፣ ጭንቅላትዎን መታዎት? ይቺ ስንት ጣት ናት?» ትላለች። እሱ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ክርኑ ተልጧል፣ የሥራ ልብሱ ከብብቱ እስከ ወገቡ ተተርትሯል፤ ሌላው ደህና ነው። ሳቄ እንደ ልማዱ ሊስቅ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ።

ዚፕ ቀና ስትል ሁሉም የሚያየው ወደ ትልቁ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው የሚባለውን ሁሉ የሚጽፍ ነው፤ የሰማውን ጽፏል። «ማንን እናስወጣ?» ይላል ከላይ። ከሥሩ «እኔን!» ይላል። ከእሱ ሥር ደግሞ የዚፕ ፎቶ ጥርሷን ገልጣ እየሳቀች ተቀምጣለች።

«ቁም! ቁም! ቀረጻ ይቁም!» አለ ዳይሬክተሩ። ያሰበው እሷን ለመጨረሻው ዙር ነበር፤ የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። ደንቡን የምትጠብቀዋ የሕግ ባለሙያ ተጠራች። መነጽሯን አስተካክላ ወረቀቷን ገለጠች።

«የመጀመሪያው ቃል መልስ ነው፤ ለማንም ይባል ለማን» አለች። «የማይቆጠረው ሳል፣ ማስነጠስና ትርጉም የሌለው ድምፅ ብቻ ነው።»

የዳይሬክተሩ ፊት በራ። «አለቀ! ትርጉም የሌለው ድምፅ ነዋ! ሰው ሲወድቅ ሁሉም ይለዋል፤ ከማስነጠስ በምን ይለያል? ዚፕ፣ ወደ ካሜራው ዙሪና ‹እኔን ያልኩት ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው› በይ። ደወሉን እንደግመዋለን።»

«ይቺን ብቻ?»

«ይቺን ብቻ።»

ከእስካሁኑ ዙር ሁሉ የቀለለ ነበር። ዚፕ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ካሜራው ዞረች። ቀዩ መብራት በራ። ሱቁ ከነታፔላው ዓይኗ ላይ መጣ፤ በሩን ከፍታ፣ ጥቁሯን መኪና መስኮቱ ጋ አስቀምጣ፣ አባቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ አየችው።

«እኔን ያልኩት...» አለችና ቆመች።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የጥቁሯ መኪና መርፌ ጣቷን ከነጥፍሯ በስቶት ነበር። አባቷ ያን ጊዜ የደንበኛ ሱሪ ጨርቅ እየቆረጠ ነው። «እኔን!» ብሎ ሲዞር መቀሱ ጨርቁን ለሁለት ከፈለው። እሱ ዞር ብሎም አላየው፤ ጣቷን ይዞ ሲያባብላት አረፈደ። በኋላ ለሰውየው ከራሱ ጨርቅ ሌላ ሱሪ ሰፍቶ ሰጠው፤ የተበላሸውን ግን አንድም ቀን አንስቶባት አያውቅም። ትዳሯ ፈርሶ ሻንጣዋን ይዛ የመጣች ቀንም በሩን ሲከፍትላት ያለው ይህንኑ ነው። ሌላ ምንም አልጠየቃት፤ ሻንጣውን ተቀበላት።

«በይው ልጄ» አለ የመብራት ሠራተኛው፣ ክርኑን በጨርቅ ይዞ። «ግድ የለም፣ እኔ አልቀየምም።»

እንዲህ ባይላት ኖሮ ምናልባት ትለው ነበር።

«ትርጉም አለው» አለች ዚፕ።

«ምን አልሽ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ትርጉም አለው አልኩህ። አንተ ከምትወድቅ እኔ ልውደቅ ማለት ነው። ልጅህ ምን ማለት ነው ብሎ ቢጠይቅህ ማስነጠስ ነው ልትለው ነው? ደግሞስ መሰላሉን የሚይዝላቸው ሰው ለምን ጠፋ? ለኳስ ገንዳ ገንዘብ አለ፣ መሰላል ለሚይዝ አንድ ሰው ግን...» ጀመረች እንግዲህ። አንድ ቃል በይና ዝም በይ የተባለችው ሴት ትንፋሽ ሳትወስድ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረች። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ ሊያቋርጣት ሞክሮ ተወው። የሕግ ባለሙያዋ ብቻ አንገቷን ደፍታ መዝገቧ ላይ «መልሱ ተቆጥሯል» የምትል አንዲት መስመር ጻፈች።

ስትሰናበት ሳቄ መጥቶ አቀፋት። «ማንን ልትዪ ነበር ግን?»

«አንተን ነዋ! ያቺን እንሽላሊት የረሳሁ መሰለህ?»

የሚሰናበት ሰው ጭስ በሚለቅ በር በኩል ነው የሚወጣው፤ ዚፕ ግን በሠራተኞቹ በር ወጣች። መተላለፊያው ላይ የመብራት ሠራተኛውን ሳጥን ላይ አስቀምጣ፣ ከኮሌታዋ ሥር የማትለየውን መርፌ አውጥታ የተተረተረውን ልብስ ሰፋችለት። «ዚፑም እኮ ድሮም እንቢ ብሎኝ ነበር» አላት እያፈረ። እሱንም አበጀችው። ከሥራዎቿ ሁሉ ካሜራ ያላየው ያን ብቻ ነው።

ጀግና ሆና ተመለሰች እንዳትሉኝ። አውቶቡሱ ላይ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ደግፋ «ምን ነበረበት ብለው?» እያለች ራሷን ስትረግም ነው የመጣችው። በሱቁ በር በኩል ላለማለፍ ብላ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወረደችና ዙሪያውን ሄደች።

አባቷ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶላታል። ሻንጣዋ ከደፉ ላይ ተያዘባት፤ ስትጎትተው እግሯ ተጠላለፈና በጉልበቷ ደፉ ላይ ወደቀች።

«እኔን!»

ከውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተንከባለለ። አባቷ ሲወጣ የዘይቷ ጣሳ ወለሉ ላይ እየፈሰሰች ነበር። ከኋላው አንሶላው ተገፎ ጥቁሯ መኪና ታበራለች። አጠገቧ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ አየኸኝ?»

«አየሁሽ።»

«ሱቁን አሳጣሁህ።»

አባቷ መዋሸት አይችልበትም። «አዎ፣ ከፍቶኛል» አለ። «አሁን እሱን ተዪና ጉልበትሽን አሳዪኝ።»

ዚፕ ሳቅና እንባዋ ተቀላቀለባት። «አባባ፣ ግን ‹እኔን› ስትል የምርህን ነው?»

አባቷ ጥያቄው አልገባውም። «ምኑን ነው የምሬን?» አለና በአቧራ የጠቆረውን መሐረቡን አራግፎ ጉልበቷ ላይ ያስር ጀመር። እጁ እየተንቀጠቀጠ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ አመለጠው። ዚፕ አላገዘችውም፤ እስኪያስር ድረስ አንድ ቃል ሳትናገር ቁጭ ብላ ጠበቀችው።