በመርከቡ ሰዓት

ጂንሹይ ከአውቶቡስ ሹፌርነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው ስላጣ ሚስቱን መንዳት ጀምሯል። ከአገራቸው ወደብ ከኪሉንግ የተሳፈሩበት መርከብ በጃፓኗ የኢሺጋኪ ደሴት አንድ ቀን እንደሚውል ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። መርከቡ ያሰናዳውን ጉብኝት የበግ መንጋ ጉዞ ነው ብሎ ናቀውና አውቶቡሱንም መንገዱንም ራሱ አጠና።

ሚስቱ ሊጁ ግን ለጉብኝቱ ደንታም አልነበራትም። ታላቅ እህቷ ማንዩ በኮረዳነቷ አናናስ የሚያለማ የአገሯን ሰው አግብታ ወደዚች ደሴት ተሻግራ ቀርታለች፤ ዛሬ ሰማንያ ይሞላታል። በወጋቸው ባለልደቱ ከእህት ወንድሞቹ ጋር ተቀምጦ፣ ከአሳማ እግር ጋር የተቀቀለ ረጅም ኑድል ሳይቆርጥ ይበላል፤ ዕድሜው እንዲረዝም። ከእናታቸው ልጆች በሕይወት የቀረችው ደግሞ ሊጁ ብቻ ናት። ያንን ኑድል ከእህቷ ጋር ሳትበላ መመለስን በክፉ ምልክት ነው የምታየው።

ጠዋት ቁርስ ላይ ጂንሹይ ለጎረቤት ጠረጴዛ ሁሉ ትምህርት ሲሰጥ ነበር። "ሰዓታችሁን እንዳትነኩ። ጃፓን በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች፤ መርከቡ ግን የሚሄደው በእኛው ሰዓት ነው። አስር ሰዓት ላይ ያልተሳፈረ እዚሁ አናናስ ሲኮተኩት ይኖራል።" እሱ ራሱ የእጅ ሰዓት አያስርም። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወረደ።

ማንዩ ረፋዱን በሙሉ በር ላይ ቆማ መንገድ ስታይ ድስቱን የጣደችው ዘግይታ ነው። እህትማማቾቹ ተላቀሱ፤ ከዚያ የሞተውን አንስተው፣ ያለውን አምተው ሳይጠግቡ ቀኑ ሄደ። የአሳማው እግር ገና እየለሰለሰ፣ ኑድሉም ድስት ሳይገባ ጂንሹይ ስልኩን አይቶ ብድግ አለ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ሊጁ ትንሽ እንዲቆዩ ለመነችው፤ ይሄ አውቶቡስ ካመለጠ መርከቡም አመለጠ አላት። ማንዩ ጀርባዋን ሰጥታ ድስቱን ማማሰል ያዘች።

ሊጁ በአውቶቡሱ ውስጥ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ባል ለጠላትም አይስጥ እያለች በሆዷ ረገመችው።

ወደቡ ሲደርሱ የመርከቡ ዘበኛ በዚህ ጊዜ መመለሳቸው ገረመው። ከመሳፈሪያው መሰላል በላይ የተሰቀለው ሰዓት ገና ዘጠኝ ይላል። የጂንሹይ ስልክ ደግሞ አስር። ወደብ ሲረግጥ ስልኩ ራሱን በጃፓን ሰዓት ሞልቶ ኖሯል።

"እኔ አልነካሁትም" አለ ጂንሹይ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

"እሱ ነካህ" አለች ሊጁ።

እስከ አስር ሰዓት ሄዶ የሚመልስ አውቶቡስ አልነበረም። ጂንሹይ በዕድሜው ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ስልኩን አንስቶ ደወለ።

"እትዬ ማንዩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ገና አንድ ሰዓት ነበረን፤ እኔ ነኝ ከማዕድዎ ያስነሳኋት።"

ማንዩ ሳትመልስለት ዘጋችው። ሊጁ በቃ ተቀይማለች ብላ ከወደቡ አጥር ሥር ቁጭ አለች።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ትንሽ የእርሻ መኪና አቧራ እያስነሳች መጣች። ማንዩ በሰማንያ ዓመቷም መሪውን ለሌላ ሰው አትሰጥም። ድስቱን በአናናስ ሳጥኖች መሀል ሸጉጣዋለች፤ ግማሹ መረቅ መንገድ ላይ ፈሷል።

"አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሩጫ ነሽ" አለች እህቷን። "አሁን ተቀመጪ።"

አጥሩ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። ሊጁ ኑድሉ እንዳይበጠስባት ብድግ ብላ ከፍ አድርጋ እያወጣች ለእህቷ ቀዳች። መረቁ በአገጫቸው እየወረደ ይስቃሉ። ሊጁ እንደዚያ ደስ ያላትን ቀን አታስታውስም።

በድምፅ ማጉያው ስማቸው ሲጠራ መሰላሉ ላይ ሌላ ሰው አልቀረም። ሊጁ ደንግጣ ሳህኗን ልታስቀምጥ ስትል ጂንሹይ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

"ይጥሩን" አለ። "እትዬ ገና አልጨረሱም።"